ድራይ ኒድሊንግ ሲታከሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ቢሮዎች ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የሚውል ሰው አንገቱና ትከሻው መያዙ አይቀርም። ፊዚዮቴራፒ ሲሄድ ታዲያ ድራይ ኒድሊንግ ሊታዘዝለት ይችላል፤ መድኃኒት የሌለው ቀጭን መርፌ የተቋጠረው ጡንቻ ውስጥ ይገባል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የአየርላንድ ጥናት 39 ፊዚዮቴራፒስቶች የሰጧቸውን 7,629 ሕክምናዎች ተከታትሎ ነበር። ከመቶ 19 በሚሆኑት ላይ መበለዝ፣ ጥቂት መድማት ወይም ሕመም ተመዝግቧል፤ ከባድ ጉዳት ግን አልታየም። ከባዱ ብርቅ ነው፣ ግን አለ።

መርፌው ከየት እንደወጣ አለማየት። ማሸጊያው ፊትዎ መቀደድ፣ ያለቀለት መርፌም ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መግባት አለበት። "የእርስዎ ነው፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አስቀምጠነዋል" ቢባሉ እምቢ ይበሉ። ሄፓታይተስና ኤችአይቪ በተደገመ መርፌ ሊተላለፉ ይችላሉ። በሸሚዝ ላይ መወጋትም አይሆንም።

የሚወስዱትን መድኃኒት አለመናገር። በተለይ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስዱ ሰዎች ይህን ሳይናገሩ መተኛት የለባቸውም። እርግዝናም እንደዚሁ።

በባዶ ሆድ መሄድ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ቆይቶ መወጋት ራስን ለመሳት ያጋልጣል። ቀጠሮውን ከበሉ በኋላ ያድርጉት፤ ሲወጉም ተኝተው ይሁን።

ጥርስ ነክሶ መቻል። ጡንቻው ብድግ ቢል የሚጠበቅ ነው። እስከ ጣት ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ከነዘረዎት ግን መርፌው ነርቭ ነክቶ ይሆናል፤ ወዲያው ይናገሩ። እዚህ ላይ ጀግንነት ምን ይሠራል?

"ብርድ ነው የመታኝ" ማለት። ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይሄ ነው። የሳንባ ጫፍ ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት በላይ እስከ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል። ስለዚህ ትከሻ አናት ላይ፣ በጀርባ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ወይም ጎድን ላይ ጠልቆ የገባ መርፌ የሳንባን ሽፋን ሊበሳ ይችላል። አየር በሳንባውና በደረት ግድግዳ መካከል ይገባና ሳንባው ይሟሽሻል። ሲተነፍሱ የሚብስ ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠርና ደረቅ ሳል ምልክቶቹ ናቸው።

ችግሩ፣ እዚያው ክሊኒክ ላይጀምር ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ቤት ገብተው ሊሆን ይችላል። ያኔ ቤተሰብ ቪክስ ያሻል፣ ዝንጅብል ያፈላል፤ ታማሚውም የፒያሳን ዳገት ስለወጣሁ ነው ብሎ ራሱን ያጽናናል። ጠዋት እስኪነጋ አይጠብቁ። በቅርብዎ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱና ገና ሲገቡ "ዛሬ ትከሻዬ ላይ መርፌ ተደርጎልኛል" ይበሉ፤ ይህን ካልሰማ ሐኪሙ የጡንቻ ሕመም ሊመስለው ይችላል። የደረት ራጅ ብዙውን ጊዜ ይለየዋል። ትንሽ ከሆነ በክትትል ብቻ ሊድን ይችላል፤ ሰፊ ከሆነ አየሩ በቱቦ ይወጣል። ውጋቱ ሳይጣራ ከቦሌ አውሮፕላን መሳፈርም አይታሰብም፤ የታመቀው አየር ከፍታ ላይ ይሰፋል።