ዝቅ ያለ ራቭ ፎር ሲያንገጫግጭ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ዝቅ የተደረገ መኪና ይዞ ጋራዥ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ለስለስ ያለ ሾክ አብዞርበር የቱ ነው?» ብሎ ነው። መቅደም የነበረበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ጎማው ጉብታ ላይ ወደ ላይ ሲገፋ፣ ማቆሚያው ላይ ከመምታቱ በፊት ስንት ሚሊ ሜትር መሄጃ ቀርቶታል? ይህ ሳይታወቅ የተገዛ ሾክም ሆነ ሞላ፣ ሞላና ሾኩ አንድ ላይ ሆኖ ቁመቱ የሚስተካከለው ውዱ ኮይልኦቨርም ቢሆን፣ ዕጣ እንደ ማውጣት ነው።

ምሳሌ የማደርገው እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 የተመረተውን ሁለተኛውን ትውልድ ራቭ ፎር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ አለ። ከውጭ ዝቅ ተደርጎ የመጣም፣ እዚሁ ሞላው የተቆረጠም ያጋጥማል። ከፊት ማክፈርሰን ስትራት፣ ማለትም ሾኩና ሞላው አንድ ምሰሶ የሆኑበት ዓይነት ነው፤ ከኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው በአርሞች (ጎማውን ከመኪናው ጋር በሚያያይዙ ብረቶች) ተይዞ ሞላ ላይ ይቀመጣል። ቪታራ ወይም ቱሳን የያዘ ሰውም አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል። ባሌስትራ ያለው ፒክአፕ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ከሁሉ በፊት መለካት

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙና ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት በአራቱም በኩል ይለኩ። ከዚያ ያልተነካ ተመሳሳይ መኪና ፈልገው ይለኩ፤ ልዩነቱ መኪናው ምን ያህል እንደወረደ ይነግርዎታል። ቀጥሎ የሾኩን አቧራ መከላከያ ወደ ላይ ሰብስበው፣ በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስረው ወደ ታች እስከ ሾኩ አካል ድረስ ይግፉት። የተለመደውን መንገድ ነድተው ይመለሱ። ማሰሪያው ተገፍቶ የቆመበት ቦታ ሾኩ እስከ የት እንደተጨመቀ ያሳያል። ከዘንጉ ጫፍ ያለውን ጎማ ወይም ስፖንጅ መሰል ማቆሚያ፣ ባምፕ ስቶፕ የሚሉትን፣ ነክቶ ከሆነ መሄጃው አልቋል ማለት ነው።

አንድ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ ማቆሚያው 80 ሚሊ ሜትር ነበረው እንበል። 50 ዝቅ ሲደረግ የሚቀረው 30 ነው፤ ሁለት ጣት አይሞላም። ሰፈር ተሰብስቦ ያሠራው፣ ቀለም የሌለው የፍጥነት መቀነሻ ላይ ይህቺ ሁለት ጣት በአንድ አፍታ ታልቃለች። ከዚያ በኋላ የቱንም ሾክ ቢገጥሙ ጭነቱን የተሸከመው ያ ማቆሚያ ነው።

«ትንሹን ድንጋይ ሁሉ እጄ ላይ ይሰማኛል»

መኪናው ጉብታውን ደህና ያልፋል፤ ኮብልስቶን ላይ ግን መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ዳሽቦርዱ ይንጫጫል። እዚህ ላይ ሞላውን አይክሰሱ። የኮብልስቶኑ ድንጋይ ወርድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ጎማው በሰከንድ ከ50 ጊዜ በላይ ይመታል። የመኪናው አካል በሞላው ላይ የሚዋዥቀው ግን በሰከንድ አንድ ወይም አንድ ተኩል ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱን ርግብግብታ የሚውጠው በዋናነት የጎማው ጎን ነው፤ ከዚያ ጎሚኒዎቹ፣ የአርሞቹ መያዣ ላስቲኮች፣ ናቸው።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ቸርኬ ነው። ይህ መኪና ከፋብሪካ የሚመጣበት 215/70 አር 16 ጎማ (ወርዱ 215 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ የወርዱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች) የጎኑ ቁመት 150 ሚሊ ሜትር ነው። በምትኩ 245/40 አር 20 ሲገባ ጠቅላላ ቁመቱ ያው ይመስላል፤ ጎኑ ግን 98 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ አየርና ላስቲክ ጠፋ ማለት ነው፤ ቸርኬውም ከበፊቱ ይከብዳል።

መፍትሄው ወደ 16 ወይም 17 መመለስ ነው። ለምቾት ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ይህን የሚያህል ዋጋውን የሚመልስ የለም፤ አሮጌውን ቸርኬ ሸጠው ከፊሉን ሊመልሱም ይችላሉ። ቸርኬውን ለመቀየር የማይፈልግ ሰው ቢያንስ ንፋሱን ያስተካክል። ጎሚስታው «ጠንከር ላድርገው?» ሲል አዎ ማለት ለምዶብናል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው። የተለጠፈው ቁጥር ለፋብሪካው ጎማ መጠን የተሰጠ መሆኑን ግን አይርሱ። መጠኑ ከተቀየረ በጎማው ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅም ከበፊቱ ማነስ የለበትም።

«ጉብታ ላይ ዷ! ይላል»

ይህ የመሄጃ ማለቅ ነው፤ የፕላስቲክ ማሰሪያውም ይመሰክራል። መንስኤያቸው የተለያየ ሁለት ዓይነት መኪኖች ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማሉ። አንደኛው በጣም የወረደ ነው። ሁለተኛው ቁመቱ ደህና ሆኖ ሾኩ የሞተ ነው።

በጣም ለወረደው እውነተኛው መድኃኒት ከፍ ማድረግ ነው፤ ይህን ሳልሸፋፍን መናገር ይሻላል። ለከተማችን መንገድ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መውረድ ድንበሩ ይመስለኛል። ከዚያ በታች ሞላው የግድ መጠንከር አለበት፤ ሲጠነክር ደግሞ ምቾት ይሄዳል። 50 ሚሊ ሜትር አውርዶ እንደ ፋብሪካው የሚመች ሞላ እሸጥልዎታለሁ የሚል ነጋዴ ካጋጠመዎት ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ብዙ ጋራዦች ለድምፁ የሚሰጡት መልስ ማቆሚያውን በቢላ ማሳጠር ነው። ለጥቂት ሳምንት ድምፁ ይጠፋል። ከዚያ የሾኩ ዘንግ ውስጡ ድረስ ገብቶ የታችኛውን ቫልቭ ይመታና ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። ማቆሚያው ማጠር የሚችለው ሾኩም አጭር ሲሆን ብቻ ነው። ዝቅ ላለ መኪና ተብለው የሚሠሩ ባለ አጭር አካል ሾኮች አሉ፤ የቢልስታይን ቢ8 ለምሳሌ ለዚሁ የተሠራ ነው፣ ቢ6 ግን ለፋብሪካው ቁመት ነው። ሁለቱን ያምታታ ሻጭ ብዙ ነው። የቴይን ኢንዱራፕሮ ደግሞ ውስጡ በዘይት የሚሠራ ማቆሚያ ስላለው መጨረሻው ላይ በድንገት አይመታም። የትኛውም ቢሆን ለእርስዎ መኪና መሠራቱን በክፍል ቁጥሩ ያረጋግጡ፤ «ይገባል» የሚለው ቃል ብሎኑ ይገጥማል ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ሁልጊዜ ድርቅ ያለ ነው፤ ጭራሽ አይነቃነቅም»

እዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተቆረጠ ሞላ ነው። ሞላ ሲቆረጥ የሚያጥር ብቻ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ይጠነክራልም። የሚሠሩ ስድስት ዙሮች ያሉት ሞላ አንድ ዙር ሲቆረጥለት ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል። ጫፉም በመቀመጫው ልክ ስለማይሆን መኪናው ሲነሳ ይላቀቃል፣ ሲወርድ ይንኳኳል። በጋዝ እሳት አሙቀው ያወረዱት ከሆነ የባሰ ነው፤ ብረቱ የተሰጠውን ጠባይ ስላጣ እየሰመጠ ይሄዳል፣ ሊሰበርም ይችላል። ሁለቱም መጠገኛ የላቸውም። የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያልተቆረጠ የፋብሪካ ሞላ ጥንድ ጥንዱን ፈልጎ መግጠም አንዳንዴ ጠቅላላውን ችግር ይዘጋዋል። ግራና ቀኙ ከአንድ መኪና የወጣ መሆን አለበት፤ ሞላው ላይ የተቀባው የቀለም ምልክት አንድ ዓይነት መሆኑን ይዩ።

ኮይልኦቨር ከተገጠመ ደግሞ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ የሾኩ ማስተካከያ ጥብቅ ላይ ተትቶ ይሆናል፤ እስከ መጨረሻው አላልተው ይጀምሩና መኪናው መዋዠቅ እስኪያቆም ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ይጨምሩ። ሁለተኛ፣ ቁመቱ የወረደው የሞላውን መቀመጫ ብቻ በማውረድ ከሆነ መሄጃው አብሮ ተበልቷል። የታችኛው አካል ለብቻው የሚዞርለት ዓይነት ከሆነ ግን መሄጃው ሳይነካ ቁመቱ ይቀየራል፤ ሲገዙ የሚፈልጉት ይህኛውን ነው። «ሞላውን አጥብቄ አጠነከርኩት» የሚባለው ስህተት ነው፤ ዙሮቹ እኩል የሆኑለት ሞላ መቀመጫው ሲጠብቅ መኪናው ከፍ ይላል እንጂ ሞላው አይጠነክርም። ደግሞ የእኛ ጭቃና አቧራ ጥርሱን ስለሚያጣብቀው ታጥቦና ቅባት ተቀብቶ ካልተያዘ በዓመቱ ማንም አያዞረውም።

«አንዴ ከተነሳ አይቆምም፣ ያረገርጋል»

ሾኩ ሞላውን መያዝ አቅቶታል። ዘይት ያላበው ከሆነ አልቋል። ደረቅ ሆኖም የሚያረገርግ ከሆነ ምናልባት ጠንካራ የማውረጃ ሞላ በፋብሪካው ሾክ ላይ ተቀምጧል፤ ለለስላሳ ሞላ የተሠራ ሾክ ጠንካራውን ወደ ላይ ሲፈናጠር አይገታውም። የወረደው ከ30 ሚሊ ሜትር ላልበለጠ መኪና እንደ ኬዋይቢ ኤክሴል-ጂ ያለ ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ በቂ ነው፤ በቀስታ ሲነዳም ለስለስ ይላል። ባለ አንድ ቱቦው ረጅም መንገድ ላይ ይበልጣል፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ትንሽ ይደርቃል። የትኛውንም ሲገዙ በጥንድ ይቀይሩ። ኮፒ በበዛበት ገበያ ዋጋው ከሁሉም ሱቅ በግማሽ ያነሰ ሾክ ለምን እንደረከሰ መጠየቅም ተገቢ ነው።

«ሁሉንም ቀይሬያለሁ፣ አሁንም ደረቅ ነው»

ይህን ቅሬታ ለይቼ የማነሳው መፍትሄው ነፃ ሊባል ስለሚችል ነው። የአርሞቹ ጎሚኒ ሁለት ብረት መሀል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። አርሙ ሲንቀሳቀስ አይንሸራተትም፤ ይጠመዘዛል። መካኒኩ መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ፣ ጎማው ወደ ታች ወርዶ ሳለ ብሎኑን ካጠበቀው ላስቲኩ ያ ቦታ ማረፊያው ይሆናል። መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ገና ከመነሻው ተጠምዝዞ ይቆያል፤ እንደ ተጨማሪ ሞላ ይገፋል፣ ቁመቱንም ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ዝቅ ባለ መኪና ላይ መጠምዘዙ የበለጠ ነው።

የሚደረገው ይህ ነው፦ መኪናው ፎሳ ላይ በአራት ጎማው ቆሞ የአርሞቹ ብሎኖች ይላላሉ፣ መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭኖ ይለቀቃል፣ ከዚያ እዚያው እንደቆመ ይጠበቃሉ። ሞላ ወይም ቁመት በተቀየረ ቁጥር መደገም አለበት። መካኒኩ ጊዜ ይፈጃል ብሎ ቢያቅማማ የእጅ ዋጋውን ጨምሮ ማሠራት ከአዲስ ሾክ በብዙ ይረክሳል። ጎሚኒው ተቀድዶ ከሆነ በላስቲክ ይተኩ፤ ፖሊዩሪቴን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ለውድድር መኪና ነው፣ ርግብግብታውን ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባል።

መሪ ሲዞር ከላይ የሚንኳኳ ካለ የስትራቱ የላይኛው መቀመጫና ኩሽኔታው ነው። አንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ የስታቢላይዘሩ፣ መኪናው እንዳያጋድል ግራና ቀኙን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ማገናኛ ነው፤ መኪናው ሲወርድ ዘንጉ ስለሚያዘነብል አጠር ያለ ወይም ቁመቱ የሚስተካከል ማገናኛ ይፈልጋል።

«ዝቅ ብሎም ኩርባ ላይ ያጋድላል፤ ጎማውን ከውስጥ ይበላል»

ማክፈርሰን ያለው መኪና ሲወርድ የታችኛው አርም ከውስጥ ወደ ውጭ ሽቅብ ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ መኪናው የሚያጋድልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በበለጠ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎም ይበልጥ ሊያጋድል ይችላል። ብዙ ሰው ወፍራም ስታቢላይዘር ይገዛል። ከ20 ወደ 22 ሚሊ ሜትር መሄድ ብቻ ጥንካሬውን በ46 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ዋጋው ደግሞ አንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ጭንቅላትዎ ወደ ጎን መወዝወዙ ነው። የከተማ መኪና አያስፈልገውም። ጎማ ከውስጥ መበላቱ ግን በዊል አላይመንት ይታያል፤ ቴስቲናውና ቦል ጆይንቱ (የመሪውና የአርሙ መገጣጠሚያዎች) ከተፈተሹ በኋላ፣ ሞላው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሠርቶ ሲረጋ ይደረግ።

ለበዓል አምስት ሰው ጭኖ ሀዋሳ ሲሄድ ብቻ ኋላው የሚመታ መኪና ጠንካራ ሞላ አያስፈልገውም። በሞላው ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት አለ፤ ከ5 እስከ 35 ፒኤስአይ ይሞላል። ባዶ ሲሆን ወደ 5 ይመልሱት፤ ከዚያ ካነሰ ከረጢቱ በሞላው ተቆንጥጦ ይቀደዳል።

ዝቅ መደረግ የሌለባቸው

የድሮ ሃይሉክስ ወይም ላንድ ክሩዘር 80 ያለው ሰው ከኋላ አክሱሉ ጋር በዘንግ የተያያዘውን የፍሬን ቫልቭ ያስተውል። ቫልቩ ጭነትን የሚያውቀው በቁመት ነው፤ መኪናው ሲወርድ የተጫነ መስሎት ወደ ኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይልካል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም የኋላ ጎማ ቀድሞ ሊቆለፍ ይችላል። የዘንጉ ማስተካከያ ካልተደረገ መውረድ የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የበዙት እንደ አይዲ ፎር ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸው ወለሉ ሥር ተዘርግቷል። የነዳጅ መኪና ሆዱን ቢመታ የሚጎዳው የጭስ ቱቦ ወይም የዘይት ቋት ነው። እነዚህ ቢመቱ የሚጎዳው ከመኪናው ሁሉ ውዱ ክፍል ነው።