ሮዛሺያን በአሲድ ጄልና በብርሃን ማከም፦ ድሬዳዋ ላለ ሰው

ሮዛሺያ ፊትን የሚያቀላና የሚያቃጥል፣ የሚመላለስ የቆዳ ሕመም ነው፤ ጠይም ፊት ላይ ግን ቶሎ አይለይም። መቅላቱ በደንብ አይታይም። ባለቤቱ የሚያውቀው ማቃጠሉንና ጉንጭና አፍንጫው ላይ የሚወጣውን ብጉር መሳይ ሽፍታ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ «ሙቀቱ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው። ማቅያ ክሬም ስትቀቡ ከነበረ ሳትደብቁ ተናገሩ። ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ሲቆይ ራሱ ሮዛሺያ የመሰለ ሽፍታ ያመጣል፤ በአንዴ ሲቆም ደግሞ ይብሳል።

ቀጥሎ አሲዱ። ለዚህ የሚታዘዘው 15 በመቶ አዜላይክ አሲድ ጄል ነው። ሎሚም አሲድ ነው ብሎ ፊቱን የሚያሽ አይጠፋም፤ አቦ ተዉት! ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳ ያቃጥላሉ። ፊታችሁን ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፣ ሳትፈትጉ አድርቁ። ሽምብራ የምታህል ጄል ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ከዓይንና ከከንፈር አርቁ። የተለመደው በቀን ሁለቴ ነው፤ ቆዳችሁ ስስ ከሆነ ግን ማታ ማታ ብቻ መጀመር ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ትንሽ መለብለብ ያለ ነው። ካበጠ ወይም ማቃጠሉ ካላስቻላችሁ አቁሙ። ለውጡን ለማየት እስከ 12 ሳምንት ታገሱ።

ጄሉ ሽፍታውን ያስታግሳል እንጂ የተለጠጡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች አያጠፋም። ብርሃኑ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ጥንቃቄውም እዚሁ። አይፒኤል (IPL) የሚባለውን ብልጭ የሚል ኃይለኛ ብርሃን የቆዳችን ቀለም ራሱ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጠይም ቆዳን ሊያቃጥል ወይም ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። የሞገዱ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ (Nd:YAG) ሌዘር ለእኛ ቆዳ ይሻላል። «ማሽኑ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ውጡ። መጀመሪያ መንጋጋ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ይሞከር። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የምትወስዱ ከሆነም ተናገሩ፤ ቆዳን ለብርሃን ያስቆጣል። ለቤት የሚሸጠውን ፀጉር ማንሻ መብራት ፊታችሁ ላይ እንዳትሞክሩት።

ሁለቱን በአንድ ቀን አትደርቡ። ጄሉን ከቀጠሮው ጥቂት ቀናት ቀደም ብላችሁ አቁሙ፤ ከብርሃኑ በኋላ ማቃጠሉ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ቀጥሉ። ስንት ቀን እንደሆነ ሐኪሙ ይቁረጥላችሁ። ክፍለ ጊዜዎቹ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይራራቃሉ።

ከተቻለ ቀጠሮውን ወደ 11 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ስትበርድ አድርጉት። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ የመከላከል መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬምና ሰፊ ባርኔጣ አይለያችሁ። በዚያ ሰሞን ሚጥሚጣ ቀንሱ፣ ከከሰል ምድጃ ራቁ፣ ሻዩንም አብርዱት።