በስፓይደር የሚያዝ መስታወት ለምታሠሩ፦ ገንዘባችሁን ብረቱ ላይ አውጡ

ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ፎቅ የሚያቆም ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ መስታወቱ ቀለም ነው። ሰማያዊ ይሁን፣ ቡናማ ይሁን። መስታወቱን ስለሚይዘው ብረት የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ስፓይደር (እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ የብረት መያዣ) ላይ የታሰረ መስታወት ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ነፋስ ስለገፋው ሳይሆን፣ ብረቱ ስለነካው ወይም ብሎኑ ስላነቀው ነው።

የማወራው ፍሬም ሳይኖረው ማዕዘኖቹ ላይ ተበስቶ ስለሚታሰረው ነው። ከኋላ የብረት ምሰሶ ይቆማል፣ ምሰሶው ላይ ስፓይደር ይገጠማል፣ በስፓይደሩ እግር ጫፍ ያለው ብሎን በመስታወቱ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል።

ክብደቱን ቀድማችሁ አስሉ። መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 12 ሚሊ፣ 1.5 በ2 ሜትር የሆነ አንድ መስታወት ብቻውን 90 ኪሎ ነው ማለት ነው። ነፋሱ በዚህ ላይ ይጨመራል። የሚገፋውን ብቻ አታስቡ፤ የሕንፃው ጥግ ላይ ወደ ውጭ የሚስበው ይብሳል። ጣርማ በር ላይ ከመኪና ወርዶ የሚያውቅ ሰው የነፋሱን ጉልበት አይጠይቀኝም። ስሌቱን የስትራክቸር መሐንዲስ ይሥራው። ሠራተኛው "እኛ ሁሌም እንዲህ ነው የምናስረው" ካላችሁ ስሌት አይደለም።

ምሰሶው የሚታሰረው ኮንክሪት ላይ ነው፤ ቢም፣ ኮለን ወይም ሶሌታ ላይ። ብሎኬት ላይ በጭራሽ! ውስጡ ክፍት ነው፣ ፊሸሩ ለጊዜው የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም። ኬሚካል አንከር (በማጣበቂያ ኮንክሪት ውስጥ የሚተከል ብሎን) የምትጠቀሙ ከሆነ ቀዳዳውን በብሩሽ ጠርጉ፣ በአየር ንፉ፣ እንደገና ጠርጉ። አቧራ ከቀረ ማጣበቂያው የሚይዘው አቧራውን ነው። ደግሞ በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚበቃው የመጠበቂያ ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ አይበቃም፤ እሽጉ ላይ ያለውን የሙቀት ሰንጠረዥ ተመልከቱ።

ስፓይደሩን ስትገዙ ሻጩ ማግኔት አውጥቶ "ተመልከት፣ አይስብም፣ ንጹህ ስቴንለስ ነው" ይላችኋል። ፈተናው ብዙ አይነግራችሁም። ርካሹ 201 የሚባለው ስቴንለስም ማግኔት አይስበውም፣ ግን 304 ከሚባለው የተሻለ ስቴንለስ ቀድሞ ይዝጋል። የፋብሪካውን የምርመራ ወረቀት ጠይቁ። 316 የሚባለውን ውዱን ለመግዛት ግን አትጨነቁ። እሱ በዋናነት ለባሕር ዳርቻ ጨው ነው፤ ሰሜን ሸዋ ላይ 304 ይበቃል፣ የተረፈውን ለመሐንዲሱ ክፈሉ። ስቴንለሱን ተራ ብረት በቆረጠ የግራይንደር ዲስክ አታስነኩ፣ የብረቱ ብናኝ ላዩ ላይ ተቀምጦ ዝገት ያመጣል። ስቴንለስ ከተራ ብረት ጋር በብሎን ሲገናኝም መካከሉ የናይሎን ሮንዴላ ይግባ፤ አለበለዚያ እርጥበት ሲያገኝ ተራው ብረት ይበላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቀዳዳው። ቴምፐርድ መስታወት (በእሳት ተጠብሶ የጠነከረው) ከተጠበሰ በኋላ አይበሳም፣ አይቆረጥም። ትራፓኖ ካስጠጋችሁት ሙሉው ይረግፋል። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ብረቱ ከቆመ በኋላ ነው፣ ከፕላን ላይ አይደለም። የቀዳዳው ጫፍ ከመስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የውፍረቱን ሁለት እጥፍ ይራቅ፤ ለ12 ሚሊ መስታወት 24 ሚሊ ነው። ብሎኑ መስታወቱን በቀጥታ እንዳይነካ የናይሎን ቡሽ (ቱቦ መሰል ሽፋን) በቀዳዳው ውስጥ፣ ሮንዴላ ደግሞ በሁለቱም ፊት ይግባ። ዳዶውን በግምት አታጥብቁ፣ ቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ መፍቻ) ይኑር፣ ቁጥሩ የአምራቹ ወረቀት ላይ አለ።

የስፓይደሩ እግሮች ላይ ያሉት ቀዳዳዎች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን አይታችሁ ይሆናል። የተበላሸ ምርት አይደለም። የመስታወቱን የላይኛ ማዕዘኖች ከሚይዙት ሁለቱ አንደኛው ልክክ ይላል፣ ሌላው ወደ ጎን ረዘም ይላል፤ የታችኞቹ ሰፋ ያሉ ናቸው። መስታወቱ ከላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታችና ወደ ጎን እንዲንቀሳቀስ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ውርጭ፣ ቀን ደግሞ ያ የሚጠብሰው ፀሐይ አለ። ባለ 3 ሜትር የብረት ምሰሶ በ40 ዲግሪ ለውጥ ወደ 1.4 ሚሊ ይረዝማል፣ መስታወቱ ግን ወደ 1.1 ሚሊ ብቻ። ልዩነቱ መሄጃ ካጣ መስታወቱ ላይ ያርፋል። "እንዳይነቃነቅ" ብሎ ሁሉንም ቀዳዳ የሚያጠብቅ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት።

የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፣ እኛም የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነን። ፎቁ ሲወዛወዝ መስታወቱ ዘንበል እንዲል ጫፉ በኳስ የሚዞር ብሎን ግዙ። በ1986 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የፓሪሱ ላ ቪሌት የሳይንስ ማዕከል ፒተር ራይስ የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ ያሠሩት ይህንኑ ዓይነት ነበር።

ለመገጣጠሚያው ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አትጠቀሙ፣ የላሚኔትድ መስታወትን (በመካከሉ ፕላስቲክ ገብቶ የተጣበቀውን ድርብርብ) ጠርዝ ያበላሻል፤ ኒውትራል የሚለውን ፈልጉ። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅም አትቀቡ። ረፋድ ላይ ጀምሩ።

በመካከሉ አየር የታሸገበትን ድርብ መስታወት ከውጭ የምታስመጡ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ባሕር ጠለል ላይ ታሽጎ የመጣ መስታወት፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ የውጩ አየር ግፊት ስለሚቀንስ ያብጣል፣ ማሸጊያውንም መያዣውንም ያስጨንቃል። ከፍታችሁን ሲታዘዝ ንገሯቸው።

ሥራው ሲያልቅ ከየልኩ አንድ ትርፍ መስታወትና የቀዳዳዎቹን ሥዕል ተረከቡ። አንዱ ቢሰበር እዚሁ በስታችሁ የምትተኩት አይደለም፣ ተቆርጦና ተበስቶ ተጠብሶ እስኪመጣ ፎቁ አፉን ከፍቶ ይቆያል።