ራሱን ጎድቶ የመጣን ታካሚ ስታዩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ድንገተኛ ክፍል ተረኛ የምትሆኑ ጀማሪ ባለሙያዎች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳቱን አይቶ የመሞት ፍላጎትን መገመት ነው። ካርድ ላይ «ጉዳቷ ቀላል ነው፣ ቤተሰብ ለማስፈራራት ነው» የሚል ሳነብ ያንገበግበኛል። በምን አወቃችሁ? ጠየቃችኋት? ታካሚዋ የሕክምና ትምህርት የላትም፤ እሞታለሁ ብላ ካመነች፣ መትረፏ ፍላጎቷን አያሳንሰውም። ምን ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር? ሰው እንዳይደርስባት ተጠንቅቃለች? መልእክት ትታለች? በመትረፏ ምን ተሰማት? አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ባለ 15 ጥያቄ የመሞት ፍላጎት መለኪያም የሚያነሳው ይህንኑ ነው። የመለኪያው ነጥብ ግን ነገ የሚሆነውን አይነግራችሁም፤ ደምራችሁ እንዳትሸኟት።

ድባቴ ያለበት ሁሉ መሞት አይፈልግም፤ ድባቴ የለበትም ተብሎ የተጻፈለትም ከልቡ ሊፈልግ ይችላል። ድባቴንና የመሞት ፍላጎትን የሚያገናኘው በአብዛኛው ተስፋ መቁረጥ ነው። ቤክ፣ ኮቫክስና ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተሙት ጥናት፣ የመሞት ፍላጎት ከድባቴው ይልቅ ከተስፋ መቁረጥ ጋር ይበልጥ እንደሚያያዝ አሳይቷል። ስለ እንቅልፍና ምግብ ፍላጎት ጠይቃችሁ አትቁሙ። «ከወር በኋላ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» በሉት፤ መልስ ሲያጣ ታያላችሁ።

አስታማሚን አስተርጓሚ አታድርጉ። አንዲት ልጅ አማቷ አጠገቧ ቆመው «በስህተት ነው ትላለች» እያሉ አስተረጎሙላት። ሴትየዋ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ኦሮምኛ የምትችል ነርስ ጠራን። ልጅቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ «ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ነበር» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ጫት ሳይቅም የመጣ ሰው ፊቱ ጨፍግጎ፣ ጉልበት አጥቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሐራራውን ድባቴ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ በማግስቱ ደግማችሁ እዩት። «ሐራራ ነው» ብሎ መሸኘት ግን ከዚያ የባሰ ነው።

ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም። በግልጽ ጠይቁ።

የድባቴ መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ የወር መድኃኒት አስይዛችሁ አትስደዱ። ለአንድ ሳምንት የሚበቃውን ስጡ፣ ታካሚው የሚያምነው የቤተሰብ አባል ይያዘው፣ ቀጠሮውንም በዚያው ሳምንት አድርጉት። ከቀረ ደውሉ።