ቅርጫ ስንገባ ከኮሶ እንዴት እንጠንቀቅ?

ወሎ ውስጥ ቅርጫ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው የበሬው ዋጋ ነው። ቀጥሎ ስቡ። ደሴ ላይ ለፋሲካ፣ ባቲ ላይ ለአረፋ ሰባት ሆነው አንድ በሬ ሲካፈሉም ወሬው ያው ነው። ኮሶ የሚታወሰው ዘግይቶ ነው፤ ሁለት ሦስት ወር አልፎ ውስጥ ልብስ ላይ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ሲታይ። "ቁርጥ ተዉ" ብል የሚሰማኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ስለዚህ ከበሬው እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን በየተራ ልንገራችሁ።

1. ትሉ ከየት ወዴት እንደሚሄድ እወቁ

ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል። ከትሉ ተቆርጦ የሚወጣ አንድ ቁራጭ እስከ 100,000 እንቁላል ሊይዝ ይችላል። እንቁላሉ ሣር ላይ ለወራት ይቆያል። በሬው ሲግጥ ይውጠዋል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ (ገና ያላደገው ትል) አንጀቱን በስቶ፣ በደም ተጉዞ ሥጋው ውስጥ በትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ያንን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ሆድ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ያድጋል።

ይህ ለረጅም ጊዜ አይታወቅም ነበር። ሥጋ ውስጥ ያለችው ከረጢትና ሰው ሆድ ውስጥ ያለው ትል የተለያዩ ፍጥረቶች ይመስሉ ነበር። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት በ1861 እ.ኤ.አ. የኮሶ ቁራጮችን ለጥጃ አብልቶ እጩን ከጥጃው ሥጋ ውስጥ አገኘው። በሬውን የምናስይዘው እኛው ነን ማለት ነው።

2. ከመታረዱ በፊት ተነጋገሩ

ቄራ ካለ እዚያ ይታረድ። ከሌለ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር ተስማሙ፦ ሥጋው ችግር ቢገኝበት ኪሳራው የማን ነው? ይሄ ቀድሞ ካልተነገረ፣ ቢላዋ የያዘው ሰው ያየውን ነገር አይቶ እንዳላየ ማለፉ አይቀርም።

3. የት ቆርጣችሁ እንደምታዩ እወቁ

በደሴና በኮምቦልቻ ቄራዎች የኮሶ እጭ ጥናቶች ተሠርተዋል። እንዲህ ባሉ ጥናቶች ቢላዋው የሚያርፍባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የመንጋጋ ሥጋ፣ ምላስ፣ ልብ፣ የወርች ሥጋና ደረትን ከሆድ ዕቃ የሚለየው ስስ ሥጋ። እጩ ብዙ የሚሠራ ጡንቻ ይወዳል።

የምትፈልጉት ከአንድ ሳንቲ ሜትር የምታንስ፣ ሞላላ፣ ውሃ የቋጠረች ከረጢት ነው። ከሥጋው ጭረት ጋር ትይዩ ትተኛለች። ብርሃን ላይ ስትይዟት ውስጧ አንዲት ነጭ ነጥብ ትታያለች፤ ጭንቅላቱ እሷ ናት። ከስብ ጋር እንዳታምታቷት በጣት ጫን በሉ። ስብ ይድጣል፤ ይህች ግን ፈንድታ ውሃ ትተፋለች። የሞተ እጭ ደግሞ ጠጥሮ ቢላዋው ላይ ይንኳኳል።

አንዲት እንኳ ከተገኘች ያ ሥጋ በጥሬው አይበላም፤ ንጹሕ የሚመስለውም ብልት ጭምር። በየቦታው ከበዛች ሥጋውን ተዉትና ባለሙያው ይወስን።

አሁን ዋናው ነገር። ምንም አለማግኘት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ጥቂት እጭ ብቻ ያለበትን ከብት የቄራ ምርመራም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፤ ሁለት ሦስት ከረጢት መቶ ኪሎ ሥጋ ውስጥ ማን ያገኛል? ተመራማሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ቄራ ላይ ብቻ አይቆሙም። ነዋሪውን ይጠይቃሉ፣ ፋርማሲ ሄደው ምን ያህል የኮሶ መድኃኒት እንደተሸጠ ያያሉ። ማህተም ያለበት ሥጋ ስለሆነ በጥሬው ልብላ የሚል ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

4. እሳቱን አትሰስቱ

ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭ፣ አረቄ፣ ሎሚ፦ አንዳቸውም እጩን አይገድሉም። ለብለብ ክትፎም ያው ጥሬ ነው። ወፍራም ቁራጭ መሃሉ 63 ዲግሪ ደርሶ ሦስት ደቂቃ ይረፍ፤ የተፈጨ ወይም የተከተፈ 71 ዲግሪ ይድረስ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ መሃሉን ቆርጣችሁ ቀይ ነገር እስኪጠፋ አብስሉ። ማቀዝቀዝም ይሠራል፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን። ግን መብራት እየሄደ እየመጣ በቤት ፍሪጅ አትተማመኑ።

5. የሆድ ዕቃውን ለውሻ አትጣሉ

ይሄኛው ሌላ ትል ነው፤ እኔ ከኮሶው ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውሃ የሞላ ኳስ ካያችሁ ለውሻ አትስጡ። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ይፈላሉ፤ ከሳምንታት በኋላ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣና ጸጉሩ ላይም ይጣበቃል። ሕፃን ውሻውን ደባብሶ ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጣል። ከዚያ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ኳስ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። መውጫው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው።

ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻ መስጠት ግድ ከሆነ 30 ደቂቃ ይቀቀል። የበግ ጭንቅላትም እንዲሁ። በጉ አንጎል ውስጥ ገብቶ አዙሪት የሚያስይዘው ሌላ ትልም ከውሻ ሆድ ነው የሚመጣው። ደጋ ላይ በግ የሚያረባ ሰው ውሻውን ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ቢያስውጠው በጎቹንም ቤተሰቡንም ይጠቅማል።

6. ከያዛችሁ ታከሙ

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ያ የዱባ ፍሬ የሚመስል ቁራጭ ብቻ ነው። ቁራጩን በንጹሕ ብልቃጥ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የሰገራ ምርመራ አንዳንዴ ስለሚያመልጠው እሱ ነገሩን ያቀላል። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳሚድ ይታዘዝላችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ የሚዋጥ ነው። መጠኑን ግን ባለሙያው ይወስን።

ድሮ በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት ልማድ ነበር። ኮሶ የሚባለው ዛፍ አበባ ትሉን ያስወጣል፤ ግን ጭንቅላቱ ከቀረ ትሉ ተመልሶ ያድጋል። መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ ከባድ ትውከት ያስከትላል፣ ዓይንም ሊጎዳ ይችላል። ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትጠጣው።

መድኃኒቱን ከዋጣችሁ በኋላ በ1ኛውና በ3ኛው ወር ሰገራችሁን አስመርምሩ። እስከዚያው ሽንት ቤት ብቻ ተጠቀሙ። ከብት የሚጠብቅላችሁ ልጅ ካለም የሚጸዳዳበት ሽንት ቤት አዘጋጁለት፤ የሚመጣው ዓመት ቅርጫ በሬ እዚያው ግጦሽ ላይ ነው ያለው።