ምሕረት አትለምኑ፦ በግብርና በቅጣት ክርክር የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሐምሌ ሲገባ ደብረ ማርቆስ ያለው፣ ነጋዴዎችን በግብር ክርክር የምናግዝበት ቢሯችን በነጋዴ ይሞላል። ብዙዎቹ ማመልከቻቸውን አጽፈው ነው የሚመጡት። ማመልከቻው ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «የአምስት ልጆች አባት ነኝ። ዘንድሮ ገበያው ቀዝቅዟል። በእግዚአብሔር ስም የተጣለብኝ ግብር እንዲቀነስልኝ እለምናለሁ።» ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። የምናደደው በሰውየው አይደለም፤ መብቱን ልመና ባደረገበት ልማድ ነው።

የግብር ቅሬታ የሚያጣራው ኮሚቴ በዚህ ወረቀት ላይ ምን ይወስን? የትኛው ቁጥር ስህተት እንደሆነ አልተጻፈም። ትክክለኛው ስንት እንደሆነም የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 100 ግን ግብር ከምንጩ ጋር የተያያዘና በአግባቡ ተጠንቶ የተወሰነ እንዲሆን ያዛል። ይህ የፌዴራሉም የክልሉም ግዴታ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «እዘኑልኝ» አይሁን። «አልተጠናም» ወይም «ከገቢዬ ጋር አይገናኝም» ይሁን፤ ከዚያ ምክንያቱን አሳዩ።

አንዲት እህል ነጋዴ እናት የቀን ሽያጭዎ 6,000 ብር ነው ተብለው መጡ። ስንጠይቃቸው ለግብር የቀን ሽያጭ የሚገምቱት ሠራተኞች የመጡት ቅዳሜ፣ ገበያው በሚደምቅበት ቀን ነው። የዚያን ቀን ሽያጭ ለዓመቱ ሁሉ አባዙት። ከተማዋ ውስጥ እህል የሚሸጠው ደግሞ በዋናነት በገበያ ቀን ነው። ይዘውት የመጡት ማመልከቻ ስለ ሟች ባላቸው ብቻ ነበር የሚያወራው። እኛ እንዲህ ብለን ጻፍነው፦ «ግምቱ የተወሰደው በገበያ ቀን ነው። በሌሎቹ ቀናት የምሸጠው ከዚህ እጅግ ያነሰ ለመሆኑ የሽያጭ ደብተሬን አያይዣለሁ። የቀን ግምቱ ወደ 2,500 ብር እንዲስተካከል እጠይቃለሁ።» አራት መስመር አይሞላም። ኮሚቴው ደብተሩን አይቶ ግምቱን ዝቅ አደረገላቸው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም ከቅሬታ አቅራቢ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ የተቃወማችሁበት ነጥብ፣ እንዲደረግ የምትፈልጉት ማስተካከያና ምክንያቱ በግልጽ ይጻፍ ይላል።

እኛ ጎጃሞች ምሕረት መጠበቁ ከየት እንደመጣብን ይገባኛል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሳ። ሞጣና ቢቸና ነደዱ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በኋላ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሡም ውዝፉን ማሩ። የአያቶቻችን ወሬ በዚህ ያበቃል፤ «ማሩን» በሚለው። ግን ምሕረት ያለፈውን ዕዳ ይሰርዛል እንጂ የሚመጣውን ዓመት ግምት አያስተካክልም። ግምት የሚስተካከለው በማስረጃ ነው።

ሌላው ስህተት የግብር ውሳኔውን ደብዳቤ አለመቀበል ነው። «ካልፈረምኩ አይቆጠርብኝም» የሚል ወሬ ማን እንዳስፋፋው አላውቅም፤ ስንቱን ሱቅ አሽጓል። ደብዳቤው በር ላይ ተለጥፎም ሊቆጠርባችሁ ይችላል። በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። በክልሉ ገቢዎች የምትስተናገዱ ደግሞ የክልሉን አዋጅና ደብዳቤው ላይ የሰፈረውን ቀን ተመልከቱ። ተቀበሉ፣ የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉበት፣ በነጋታው ኑ። ሽማግሌ መላክ የወግ ነው፤ ኃላፊውን ያለዝብ ይሆናል። የጊዜ ገደቡን ግን አያቆምም።

ያልተከራከራችሁበትን ገንዘብ ክፈሉ። ከ40,000 ብር ውስጥ 15,000ውን ካመናችሁ እሱን ከፍላችሁ የቀረውን ተከራከሩ። ይህን ያልከፈለ ሰው ቅሬታው እንደቀረበ ላይቆጠርለት ይችላል። ወደ ይግባኝ ሲኬድም ከሚከራከሩበት ፍሬ ግብር (ወለድና ቅጣት ሳይጨመር ዋናው ግብር) ላይ አስቀድሞ የሚከፈል ድርሻ ስላለ ገንዘቡን ከወዲሁ አስቡበት።

በቀጥታ ፍርድ ቤት የሚሮጡም አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብት ይሰጠኛል ይላሉ። ይሰጣል። ግን ያው አንቀጽ ፍርድ ቤትን ብቻ ሳይሆን በሕግ የዳኝነት ሥልጣን የተሰጠውን ሌላ አካልም ይጠቅሳል። በግብር ጉዳይ መንገዱ ቅሬታ አጣሪ፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ነው። ከቡሬ አንድ ወጣት መጀመሪያ ፍርድ ቤት ከፍቶ ነበር። መዝገቡ ተዘግቶ ወደ ኮሚቴው ሲመለስ ቀኑ አልፎበታል። ክርክሩ ጥሩ ነበር፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

«ክልሉ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም» ብላችሁ አትጻፉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የግል ነጋዴውንም የገበሬውንም ግብር በግልጽ ለክልል ሰጥቷል።

ቅጣት ሲሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው አንቀጽ?» ይሁን። በጽሑፍ ጠይቁ። ፍሬ ግብሩን፣ ወለዱንና ቅጣቱን ለይተው እንዲያሳዩአችሁም ጠይቁ፤ በአንድ ድምር የመጣን ዕዳ መከራከር አይቻልም። የቀጣችሁ የፌዴራል ተቋም ከሆነና መመሪያ ከጠቀሰ፣ መመሪያው ተመዝግቦ በድረ ገጽ መውጣቱን አጣሩ። በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ያልተመዘገበና ይፋ ያልሆነ መመሪያ አይጸናም። ሕግ ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 22 ግን በየቅጣቱ አትጥቀሱ፤ የሚናገረው ስለ ወንጀል ነው።

መዋጮ ግብር አይደለም። ብትሰጡም ያለ ደረሰኝ አትስጡ።

አዋጁ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የምትሉ ካላችሁ ደግሞ የወረዳ ፍርድ ቤት አዋጅ እንዲሽርላችሁ አትጠይቁ። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን መርምሮ ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ አንቀጽ 82 እስከ 84ን አንብቡ። ወደ ቢሯችን ከሚመጣው ጉዳይ አብዛኛው ግን እዚያ የሚያደርስ አይደለም፤ የግምት ክርክር ነው፤ የሚያልቀውም ኮሚቴው ዘንድ ነው።