ዎልፔፐር በተለጠፈበት የምግብ ክፍል የሚታዩ የመጋረጃና የመብራት ችግሮች፦ ምልክት፣ ምክንያትና መፍትሄ

በአዲስ አበባ አፓርታማዎችና ኮንዶሚኒየሞች የምግብ ክፍልን ግድግዳ ዎልፔፐር ማልበስ የተለመደ ሆኗል። ለጣፊዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ ግን መጋረጃው ተሰቅሎ አምፖሉ ሲበራ፣ በሱቅ ያማረው ወረቀት የደበዘዘ፣ የቆሸሸ ወይም ከመጋረጃው ጋር የማይስማማ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በወረቀቱ ወይም በመጋረጃው ላይ ይጥልና ሌላ ለመግዛት ያስባል። በእኔ እምነት ግን መጀመሪያ መመርመር ያለበት አምፖሉ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በጋም ሆነ ክረምት ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ቤተሰብ እራት የሚበላው ዓመቱን ሙሉ በመብራት ነው። አምፖል ደግሞ ከወረቀትና ከመጋረጃ ይልቅ በጥቂት ብርና በጥቂት ደቂቃ ይለወጣል። በዚህም የተነሳ ከታች ያሉትን ችግሮች ከብርሃኑ ጀምሬ ወደ ጨርቁ፣ ከዚያም ወደ መስቀያውና ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ እሄዳለሁ።

ወረቀቱ በሱቅ ያሳየውን ቀለም ቤት ውስጥ አላሳየም

ክሬም፣ ወርቃማ ወይም ቡናማ መደብ ያለው ዎልፔፐር ማታ ሲታይ አመድ አመድ የሚል ከሆነ የአምፖሉ ብርሃን ከሚገባው በላይ ነጭ ነው ማለት ነው። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ሲሆን ቁጥሩ በአምፖሉ ካርቶን ላይ ይጻፋል። 2700 እና 3000 ኬልቪን ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ብርሃን ይሰጣሉ፤ 4000 መካከለኛ ነው፤ 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ሻጭ ምንም ሳይጠየቅ አንስቶ የሚሰጠው ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ስለሆነ፣ ገዢው ቁጥሩን በስም ጠርቶ መጠየቅ አለበት። በተቃራኒው ግራጫ ወይም ውሃ ሰማያዊ መደብ ያለው ወረቀት በ2700 ኬልቪን ብርሃን ሥር ቢጫ የተቀባ ይመስላል፤ ለእንዲህ ያለው ግድግዳ 3500 ወይም 4000 ኬልቪን ይሻላል። ለክሬምና ለወርቃማው ግን እኔ ሁልጊዜ 3000 ኬልቪን እመርጣለሁ።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሌላ ምልክት አለ፤ አንዱ ግድግዳ ቢጫ፣ ሌላው ነጭ ይሆንና ከአንድ ጥቅል የተቆረጠው ወረቀት ሁለት ዓይነት ይመስላል። ምክንያቱ በጂፕሰም ኮርኒሱ ዙሪያ ያለው የስትሪፕ መብራትና ከጠረጴዛው በላይ የተንጠለጠለው አምፖል የኬልቪን ቁጥራቸው መለያየቱ ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር ማምጣት ብቻ በቂ ነው።

ግድግዳው አምሯል፣ ምግቡ ግን ገርጥቷል

ይህ የምግብ ክፍል ብቻ ችግር ስለሆነ በደንብ ሊጤን ይገባል። የኬልቪኑ ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ዶሮ ወጡ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ጭቃማ ቡኒ የሚያደላ፣ ቲማቲሙ የቆየ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ፊት ደግሞ የታመመ የሚመስል ከሆነ፣ ጉድለቱ ያለው ብርሃኑ ቀለሞችን አጉልቶ በማሳየት ችሎታው ላይ ነው። ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጣ ቁራጭ ሲሆን፣ በላዩ የተቀባው ቢጫ ዱቄት የብርሃኑን ከፊል ወደ ሌሎች ቀለሞች ይለውጠዋል፤ በርካሽ አምፖሎች ላይ ከሁሉም በላይ የሚጎድለው ቀዩ ነው። ቀይ ወጥ፣ በርበሬና አዋዜ በሚቀርብበት ገበታ ላይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጉድለት የለም።

ይህ ችሎታ የሚለካው ሲአርአይ በሚባል ቁጥር ሲሆን ከፍተኛው 100 ነው። ለቤት ውስጥ 80 እንደ በቂ ይቆጠራል፤ ሆኖም ይህ ቁጥር የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ብቻ ስለሆነና ደማቁ ቀይ አር9 በሚል ለብቻው ስለሚለካ፣ 80 የተጻፈበት አምፖል ቀዩን በጣም ሊያበላሽ ይችላል። ለምግብ ጠረጴዛ 90 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን መግዛት ይመከራል፤ አር9 የሚለው ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለ 50 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ። ምንም ያልተጻፈበት አምፖል ከሆነ በቤት ውስጥ መፈተን ቀላል ነው። በነጭ ሳህን ላይ አንድ ማንኪያ በርበሬና አንድ ማንኪያ እርድ ጎን ለጎን ያድርጉና መጀመሪያ በመስኮት ብርሃን፣ ቀጥሎ ማታ በአምፖሉ ሥር ይመልከቱት። በርበሬው ቀይነቱን አጥቶ የተፈጨ ቡና ወደ መምሰል ካደላ ያ አምፖል ለኮሪደር ይሁን እንጂ ለምግብ ጠረጴዛ አይሆንም። በዚሁ ሳህን አጠገብ የዎልፔፐሩን ትርፍራፊና የመጋረጃውን ናሙና ማስቀመጥም የግድግዳውን ቀይና ቡናማ አበባዎች ለምን እንደጠፉ ያሳያል።

የወረቀቱ መገጣጠሚያና እብጠት በጥላ ጎልቶ ይታያል

ቀን ላይ ጠፍጣፋ የሚመስለው ግድግዳ ማታ በመገጣጠሚያው መስመር ተከፍሎ፣ አልፎ አልፎም አብጦ የሚታይ ከሆነ ጥፋቱን በለጣፊው ላይ ከመጫንዎ በፊት በኮርኒሱ ውስጥ የተተከሉትን ትንንሽ መብራቶች (ስፖት ላይቶች) ቦታ ይለኩ። ስፖቱ ከግድግዳው በ15 ወይም በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ከተተከለ ብርሃኑ ግድግዳውን እየላሰ ስለሚወርድ፣ ግማሽ ሚሊሜትር የምትሆን ከፍታ እንኳ ረጅም ጥላ ትጥላለች። የመስኮት ብርሃንም በጎን ሲመጣ ይህንኑ ያደርጋል፤ ልምድ ያላቸው ለጣፊዎች ወረቀቱን ከመስኮቱ በኩል ጀምረው ወደ ውስጥ የሚሄዱት የተደራረበው ጠርዝ ጥላ እንዳይጥል በማሰብ ነው።

መፍትሄው ስፖቱን ከግድግዳው ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ማራቅ ነው። ጂፕሰሙን እንደገና መቅደድ ካልተፈለገ የሚዞር ስፖት አስገብቶ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው መመለስም ይቻላል። ወረቀቱ ከተለጠፈ ገና አንድ ወይም ሁለት ቀን ከሆነው ግን ምንም አይንኩ፤ ሙጫው ሲደርቅ ወረቀቱ ስለሚወጠር ብዙው እብጠት በራሱ ይጠፋል። በእነዚህ ቀናት መስኮት ከፍቶ ነፋስ ማስገባት ጠርዙ ከመሀሉ ቀድሞ እንዲደርቅና እንዲነሳ ያደርገዋል።

ግድግዳው ያብለጨልጫል፣ መብራቱም ዓይን ይወጋል

የሚያብረቀርቅ ቪኒል (ፕላስቲክ ፊት ያለው ወረቀት) ወይም የወርቅ ጥለት ያለበት ወረቀት እርቃኑን ያለ አምፖል ፊት ለፊት ካገኘ የአምፖሉን ምስል መልሶ ወደ ተመጋቢው ዓይን ይልካል፤ በዚያ ቦታም ጥለቱ ጨርሶ አይታይም። አምፖሉን በጨርቅ ወይም በነጭ ወተት መሰል መስታወት መሸፈን ይህንን ያስቀራል። ተንጠልጣይ መብራት ከሆነ ታችኛው ጠርዙ ከጠረጴዛው ገጽ ከ75 እስከ 90 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ጠረጴዛው 75 ሳንቲሜትር ከሆነ መብራቱ ከወለሉ ከ1.50 እስከ 1.65 ሜትር ላይ ይውላል ማለት ነው። ስፋቱ ከጠረጴዛው ስፋት ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሲሆን ያምራል። ብዙ ቻንደለሮች ኮርኒሱ ላይ ተጣብቀው የሚቀሩት ሰንሰለታቸው ስላልተለቀቀ ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ከመግዛት በፊት ያንን ማየት ተገቢ ነው።

መጋረጃውና ዎልፔፐሩ ይጣላሉ

ትልቅ አበባ ባለው ወረቀት አጠገብ ትልቅ አበባ ያለው መጋረጃ ሲሰቀል ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፤ ትንሽ ክፍል ደግሞ የባሰ ይጠብባል። ወረቀቱ ጥለት ካለው መጋረጃው ልሙጥ ይሁን። ቀለሙን በተመለከተ ሁለት አስተማማኝ መንገዶች አሉ፤ አንዱ የወረቀቱን መደብ ቀለም አንድ ደረጃ ጠቆር አድርጎ መውሰድ ሲሆን፣ ሌላው በጥለቱ ውስጥ በትንሹ ብቻ የሚታየውን ቀለም መምረጥ ነው። ክሬም መደብ ላይ የወይራ አረንጓዴ ቅጠልና እዚህም እዚያም ጡብማ ቀይ ፍሬ ያለበት ወረቀት ቢሆን፣ ለጠባብ ክፍል ከክሬሙ አንድ ደረጃ የጠቆረ ሊነን (የተልባ እግር) መሰል ጨርቅ፣ ለሰፊው ደግሞ ጡብማውን ቀይ እመክራለሁ። አረንጓዴው ግን ቀድሞውኑ ግድግዳውን ስለሞላው መጋረጃው ሲደግመው ክፍሉ ይከብዳል።

ናሙና ሳይዙ መርካቶ መውረድ ለስህተት ይዳርጋል። ከዎልፔፐሩ ትርፍራፊ ሁለት ክንድ ያህል ይዘው ይሂዱ፤ የጣት ያህል ቁራጭ ጥለቱን ሙሉ አያሳይምና። ነጋዴው ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ እንዲሰጥዎ ይጠይቁና በመስኮቱ አጠገብ እንደ መጋረጃ አንጠልጥለው ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እና ማታ መብራት በርቶ ይመልከቱት። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የታየ ጨርቅ ብርሃን ሲያልፍበት ምን እንደሚመስል አይናገርም።

ከዚህ የተለየ ጠብም አለ፤ ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ብርሃን ይሞላውና ክሬሙ ወረቀት የተነከረ ይመስላል። ይህ የሚሆነው ቀለም ያለው መጋረጃ ያለ ገበር ሲሰፋ ነው። ነጭ ወይም ክሬም ገበር ማሰፋት ብርሃኑን ከመቅላት ያድነዋል፣ ጨርቁንም ከፀሐይ ይከላከላል።

መጋረጃው ሲዘጋ የተወጠረ አንሶላ ከመሰለ ደግሞ ጨርቁ አንሷል ማለት ነው። ለ1.80 ሜትር መስኮት የመጋረጃው መስቀያ ብረት በግራና በቀኝ 20 ሳንቲሜትር ተርፎ 2.20 ሜትር ይሁን፤ ጨርቁ የዚህ ሁለት እጥፍ ማለትም 4.40 ሜትር፣ ስስ ከሆነም ሁለት ተኩል እጥፍ፣ 5.50 ሜትር ይፈለጋል። ብረቱ መትረፉ ሌላ ጥቅም አለው፤ መጋረጃው ሲከፈት ግድግዳው ላይ ስለሚሰበሰብ መስታወቱን አይሸፍንም።

ቀለሙ በአንድ በኩል እየለቀቀ ነው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው የበረታ ነው፤ ተራ የመስኮት መስታወት ደግሞ የዚህን ጨረር አንድ ክፍል ያሳልፋል። በበጋ ወራት ፀሐይ በስተደቡብ ዘንበል ስለምትል በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ 58 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትነሳለች፤ ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ያለው ክፍል ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት ፀሐይን በቀጥታ ይቀበላል። ወደ ምዕራብ የዞረው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትገባውን ያገኛል። በእነዚህ ክፍሎች ስስ ነጭ መጋረጃ ቀን ላይ ሳይከፈት መቆየት አለበት፤ ወፍራሙም ገበር ያስፈልገዋል። ወደ ሰሜን የዞረው መስኮት ፀሐይን በቀጥታ የሚያየው በዋነኛነት ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ጊዜ ደመና ስለሆነ በዚያ በኩል ስጋቱ አነስተኛ ነው።

ጨርቁ የወጥ ሽታ ያዘ፣ ወይም ከታጠበ በኋላ አጠረ

የቁሌትና የዕጣን ጢስ፣ የሚቆላ ቡናም እንዲሁ፣ ፀጉር ባለው ጨርቅ ውስጥ ይቀራል። ከፋይ (ቬልቬት) ለሳሎን ያምራል፤ ወጥ ቤቱ ከምግብ ክፍሉ ጋር ክፍት በሆነበት ቤት ግን አልመክረውም። ቶሎ ቶሎ የሚታጠብ ፖሊስተር ወይም ድብልቅ ጨርቅ ይሻላል። ጥጥ ከተመረጠ ከመሰፋቱ በፊት ይታጠብ፤ ከመቶ 5 እጅ ቢሰበሰብ እንኳ 2.50 ሜትር የነበረው መጋረጃ ከ12 ሳንቲሜትር በላይ ያጥራል። ጫፉ ከወለሉ አንድ ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ የእንጀራ ፍርፋሪ በሚወድቅበት ክፍል መሬት ላይ የተከመረ መጋረጃ ንጹሕ ሆኖ አይቆይም።

ብረቱ ሲሰቀል ወረቀቱ ተቀደደ

የመሰርሰሪያው ጫፍ ወረቀቱን ይዞ ስለሚዞር ይቀደዳል። ሙጫው ቢያንስ 48 ሰዓት ይድረቅ፤ ከዚያ ቀዳዳው በሚሆንበት ቦታ ላይ በስለታም ምላጭ ትንሽ መስቀል ቆርጠው አራቱን ጫፎች ወደ ውጭ አጥፈው ይብሱ፣ ሲጨርሱም በመያዣው ሥር መልሰው ያስገቧቸው። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ገበር ያለውን ከባድ መጋረጃ አጭር ፊሸር (ቪቱን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) አይችለውም፤ ከመስኮቱ በላይ ባለው የኮንክሪት ሊንቴል ላይ መትከል ይመረጣል። በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ወረቀት በክረምት የሚነሳ ከሆነ ግን ውሃ በፍሬሙ ጠርዝ እየገባ ነውና፣ መጀመሪያ ሲሊኮኑ ይታደስ፣ ግድግዳውም ይድረቅ፤ እርጥብ ልስን ላይ የትኛውም ሙጫ አይይዝም።

መብራቱ ይርገበገባል፣ ወይም ከጠፋ በኋላ ብልጭ ይላል

ብርሃኑን ዝቅ ሲያደርጉ የሚርገበገበው አብዛኛውን ጊዜ ዲመሩ (ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማብሪያ) ለድሮው የክር አምፖል የተሠራ ስለሆነ ነው። ዲመር እንደሚቀበል የተጻፈበት ኤልኢዲና ለኤልኢዲ የተሠራ ዲመር አብረው መገዛት አለባቸው፤ አንዱን ብቻ መቀየር ብዙ ጊዜ ችግሩን አይፈታም። ከጠፋ በኋላ ደብዛዛ ብርሃን የሚቀረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ በማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ባለች ትንሽ ጠቋሚ መብራት የተነሳ ነው፣ ወይም ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ስለሚቆርጥ ነው። ሁለተኛው አደገኛ ነው፤ መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ ማቀፊያ 220 ቮልት ይዞ ስለሚቆይ አምፖል ሲቀየር ሰው ሊይዝ ይችላል። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር አጥፍተው፣ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ መስመሩን እስኪያስተካክል ድረስ አምፖሉን አይንኩ።